ያልቀመስኩት የአደንጓሬ ወጥ

ባለፈው ዐቢይ ጾም የደረሰብኝን ነው የምጽፍላችሁ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን አሁንም ገበያ ውስጥ ቀይ አደንጓሬ በጆንያ ሆኖ ሳይ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ምግብ መሥራት እወዳለሁ። ባለቤቴ ይበልጣል «አንቺ ከወጥ ቤት የምትወጪው ለቅዳሴ ብቻ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ቀን በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ካጁን የሚባል ምግብ ቀልቤን ሳበው። ሉዊዚያና በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ረግረጋማው አገር የሚኖሩ ሰዎች ምግብ ነው። ሽንኩርት አቁላልተው ይጀምራሉ፤ ቃሪያና በርበሬም አይፈሩም። ዘመዶቻችን መሰሉኝ።

መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሁለት የካጁን ምግብ መጻሕፍት አገኘሁ። አንዱ ሥዕል የሌለው፣ ወረቀቱ የደበዘዘ፣ ገጹ ሁሉ በጽሑፍ የታጨቀ ነው። ሌላው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ፎቶው ምራቅ ያስውጣል። እንግሊዝኛ ሲነበብ የሚውልበትን ትቼ ባለፎቶውን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ለጾም የሚሆን ስፈልግ ቀይ አደንጓሬ በሩዝ አገኘሁ። ቋሊማ ይገባበታል ይላል፤ እሱን ተውኩት። የቀረው አጭር ነው። ሽንኩርቱን አቁላሊ፣ አደንጓሬውን ጨምሪ፣ ለዘብ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት አቆዪው። ፎቶው ላይ አንድም ፍሬ አልፈረሰም፤ ሁሉም እንደ ዶቃ ያበራል።

ያን ሰሞን አማቴ እማማ ዘርፌ ከደብረ ኤልያስ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። የባለቤቴ እህት ትርንጎም ልትጠይቃቸው መጣች። አደንጓሬውን ዘፍዝፌ አሳደርኩና ልክ መጽሐፉ ባለው ሰዓት አወረድኩት። ፍሬው እንደ ፎቶው ሳይፈርስ ስለቀረልኝ ደስ አለኝ።

አልቀመስኩትም። እነሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ይቀምሳሉ፤ እኔ ግን በልቤ ለያዝኩት ጉዳይ ሱባኤ ገብቼ ስለነበር እስከ ማታ እቆያለሁ። ሱባኤ ደግሞ አይወራም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ወጡን ሳቀርብላቸው ትርንጎ «ነይ እንጂ፣ አብረሽን ብይ» አለች።

«ትንሽ ሥራ ይዣለሁ፣ እናንተ ብሉ» አልኩ።

እማማ ዘርፌ «ለጥርሴ ጠንከር ብሎኛል፤ ግን ይጣፍጣል» እያሉ፣ እኔ እንዳይከፋኝ ሳያላምጡ እየዋጡ ሳህኑን ጨረሱልኝ።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ ይበልጣል አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ትርንጎ ተከተለችው። እማማ ግን ከተቀመጡበት መነሳት አቃታቸው፤ እዚያው አስመለሳቸው። ደግሞ አስመለሳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ሆኗል፤ ስጠራቸውም አይመልሱም። ጎረቤት ባጃጅ ጠርቶልን ሦስቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ ገባሁ።

ነርሷ «ምን በላችሁ? ማን ማን በላ?» ብላ ጠየቀች።

«ሦስቱ ናቸው የበሉት» አልኩ።

«አንቺስ?»

«እኔ አልበላሁም።»

ሆዷን ይዛ የተጎነበሰችው ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። «ሠርተሽ ያቀረብሽልን አንቺ፣ ለምንድን ነው ያልበላሽው?» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አማቷን መድኃኒት አበላች የተባለች ሴት በእኛ አገር ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ሱባኤ ላይ ነኝ ልበል? አሁን የፈጠርኩት ይመስላል። ይበልጣልን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እማማ ቢሞቱ ዕድሜ ልኬን ገዳያቸው እኔ ነኝ።

ሐኪሙ እንዴት እንደሠራሁት አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «የፈረንጅ መጽሐፍ ከሆነ በቆርቆሮ የታሸገውን አደንጓሬ ማለቱ ይሆናል። እሱ ቀድሞ የበሰለ ነው። ከገበያ የተገዛው ደረቁ ግን የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በደንብ ካልተንተከተከ ይመርዛል» አለኝ።

ቆርቆሮ! እኛ ቤት አደንጓሬ ከጆንያ እንጂ ከቆርቆሮ ወጥቶ አያውቅም።

«ወጣቶቹ ይሻላቸዋል። እናትየዋ ግን ፈሳሽ አልቆባቸዋል፤ ዕድሜም አለ። እንጠብቅ» ብሎ ሄደ። ትርንጎ «መጽሐፍ ነው አለች!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ለእማማ ጉሉኮስ ተሰካላቸው። ትርንጎ ራስጌያቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። እኔ መጠጋት ፈርቼ ግርጌያቸው ቆምኩ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ «እመብርሃን፣ የለመንኩሽ ሁሉ ይቅርብኝ፤ እሳቸውን ብቻ አትርፊልኝ» አልኩ።

ሊመሽ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንቺም በላሽ እንዴ?» አሉ።

ያው ጥያቄ ነው። «አልበላሁም እማማ» አልኩ።

«ተመስገን!» አሉ፣ ዓይናቸውን መልሰው እየከደኑ። «አንቺም ብትወድቂ ማን ያስታምመን ነበር?»

ትርንጎ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሦስቱም ድነዋል። አሁን ሰው የትኛውን የምግብ መጽሐፍ ልግዛ ሲለኝ፣ ፎቶውን በእጅህ ሸፍነህ ጽሑፉን አንብበው እላለሁ። እህሉ ደረቅ ይሁን የበሰለ ሳይነግርህ ምድጃ ላይ ጣደው የሚልህን መጽሐፍ ባለበት ተወው።

እማማ ዘርፌ ዛሬም ይመጣሉ፤ የሠራሁትንም ይበላሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሱ ጉሮሯቸውን አያለሁ። «ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ብይ እንጂ!» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ግን እሳቸው በልተው እስኪነሱ ድረስ ለእኔ እህል አይወርድልኝም።