በሚካኤል ዋዜማ የተሰረዙ ትዕዛዞች

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከወይኒቱ ጎን የተቀመጡት ሰው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ጫማቸው ላይ የእርሻ ጭቃ ደርቋል።

«ጋሼ፣ መኪናውን ቢሮ አደረጉት እኮ!» አለ አንድ ተሳፋሪ ከኋላ።

«ነገ ሚካኤል አይደል? ገበያዬን ልፈታ ነው» አሉ ሳይቀየሙ።

ገበሬ በሬውን እንደሚፈታ፣ እሳቸውም በበዓል ዋዜማ በዲጂታል ገንዘብ ገበያ ላይ ያስቀመጧቸውን የግዢና የሽያጭ ትዕዛዞች በአንድ መስመር ኮድ እንደሚሰርዙ ለወይኒቱ ነገሯት። የማይነኩት በሌላ ገበያ ያለውን አንዱን ብቻ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ቶሎ ሸጦ የሟች እህታቸውን ልጆች ገንዘብ የሚያድነውን።

መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ጣታቸው ቁልፉን ተጫነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«የገበያውን ስም ሳልጽፍ ላክሁት። ስም ከሌለው ሁሉንም ይሰርዛል። የልጆቹንም ሰረዘው።»

ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ማንኩሳ ሲደርሱ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ ዋጋው ግን እየወረደ ነበር። ወይኒቱ ትዕዛዙን መልሰው ያስቀምጡታል ብላ እፎይ አለች። እሳቸው ግን በመስኮቱ ፀሐይ መጥለቋን አዩና ላፕቶፑን ከደኑት።

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር ይመልሱት! የልጆቹ አይደል?»

«ፀሐይ ጠልቃ በዓሉ ገብቷል፤ ሥራ አልነካም፣ እታለም» አሉ።

 በጋቢው ስር የተከደነውን ላፕቶፕ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት።