ታብ የተጫንኩባት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴም ለባለቤቴም ተናግሬው አላውቅም። ልናገር ብልስ ከየት እጀምረዋለሁ? አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ ብል ማን ኃጢአት ይለዋል? እኔ ግን በዚያች ቁልፍ ሰው ከእንጀራው አፈናቅያለሁ።

ቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አስቴር የምትባል ልጅ በኮንትራት ተቀጥራ መጣች። የደን ቡና አምራቾችን በየቀበሌያቸው ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። ከወረዳ በሚመጡ እንግዶች ፊት በትክክል ከሠራላት ቋሚ ልትሆን፣ ካልሠራላት ልትሰናበት ነበር። ኮድ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ትእዛዝ፣ ሲጻፍ አንዳንዱ መስመር ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ነባሩ ለዚያ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ እጫናለሁ፤ እሷ የክፍተቱን ቁልፍ፣ ስፔስን፣ አራት ጊዜ። አንድ ቀን ቢሮው ሙሉ ሰው እያለ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ እባክዎ ሁለቱን አይቀላቅሉብኝ። ለዓይን እኩል ይመስላል፣ ማሽኑ ግን መስመሩን ከሌላ ክፍል ይቆጥረዋል" አለችኝ። በአክብሮት ነው ያለችኝ። እኔን ግን አንገበገበኝ። ለምን? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዶቹ ከዋጫና ከቢታ ገነት በሚመጡበት ጠዋት አስቴር ልትቀበላቸው መናኸሪያ ወረደች። ኃላፊያችን ከየቀበሌው ስም ቀጥሎ "ቀበሌ" የሚል ቃል ጨምርበት አሉኝ። መስመሩን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ታብ ተጫንኩ። ልማድ ነው? ቂም ነው? እጄ ቀደመኝ እንዳልል፣ አይቼው ትቼዋለሁ። አውቄ ነው እንዳልል፣ እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ስትመለስ ቃል ጨምሬያለሁ አልኳት። ታብ ተጫንኩ አላልኳትም።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። በቀበሌው ሰዎች መጨረሻ አንዴ ብቻ መውጣት የነበረበት የቀበሌው ስም ከእያንዳንዱ ሰው በታች ይወጣ ጀመር። ማንኪራ ቀበሌ፣ ማንኪራ ቀበሌ፣ ማንኪራ ቀበሌ። እንግዶቹ ሳቁ። አስቴር መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ፈለገች፤ ሁሉም እኩል ናቸው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃት ነበር። ምን ያዘኝ?

በሳምንቱ ግምገማ ላይ ተነሥታ ግለ ሂስ አደረገች። "ጥንቃቄ ጎድሎኛል፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። የኔን ጥፋት እሷ ተናዘዘች። ሰብሳቢው አስተያየት ሲጠይቀኝ "ልጅ ናት፣ ትማርበታለች" አልኩ። እንዴት ያለ አባት ነው ተባልኩ! ኮንትራቷ አልታደሰም። ከሄደች በኋላ ታቡን አጥፍቼ በስፔስ ተካሁት፤ ፕሮግራሙ ሠራ፤ እኔ ተመሰገንኩ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ቢታ ገነት ሄጄ በወላጆቿ ሱቅ በር ላይ አየኋት። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ ስሕተቴን አርመው ፕሮግራሙን እንዳዳኑልኝ ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሁሌ እጸልይልዎታለሁ።"

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለው እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ አታውቅም። ታዲያ ያን ቀን ምን ብዬ መለስኩላት?

አሜን አልኳት።