እንቅልፍ ያልሸፈነው ሕመም

አስተኚዋ ይሏታል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማደንዘዣ ሰው አስተኝታለች። ባሏ፣ «ሰውን ሁሉ ታስተኚያለሽ፤ እኔን ግን በማንኮራፋትሽ እንቅልፍ ትነሺኛለሽ!» እያለ ይቀልድባታል። ቤቷ ውስጥ ሳቂታ ናት። ሥራ ቦታ ግን ዋናው ቀዶ ሐኪም አለ፤ ሰው ከተኛ በኋላ የሚያወራው ያቅለሸልሻታል።

ያን ቀን የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው የገቡት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጇን ጭብጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ አያመኝም አይደል?» አሏት።

«እኔ እያለሁ? አያምዎትም እናቴ።»

ወተት የመሰለውን መድኃኒት በደም ሥራቸው ቀስ አድርጋ ሰጠቻቸው። የደም ግፊታቸው ወረድ አለ፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ግንባራቸው ላይ የተለጠፈው መሣሪያ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ መቀዝቀዙን አሳየ። ተኝተዋል። ነጩ መድኃኒት ግን ያስተኛል እንጂ ሕመም አይነቅልም። የሕመም ማስታገሻው ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ነው።

«ዶክተር፣ ማስታገሻውን ይስጡኝ።»

«ቆይ፣ እሰጥሻለሁ» አለና ቆዳውን ሰነጠቀ።

ግፊቱ ከመቶ አምስት ወደ መቶ ሰባ ዘለለ። ልባቸው ይጋልብ ጀመር።

«አመማቸው!»

«ተኝተው? ይሄን ስብ አየሽው? እንኳን ቢላዋ መጋዝም አይሰማው» ብሎ ሳቀ። «ነጩን ጨምሪ፣ ይወርዳል።»

«ግፊቱን ይጥለዋል፣ ሕመሙን አይነካውም። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ልባቸው አይችለውም።»

«ማስታገሻው ትንሽ ነው የቀረው። ለትልልቅ ሰዎች፣ ለባለሥልጣናት ይቀመጥ።»

ትልልቅ ሰዎች! ምራቋ መረራት። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው፣ «ቢላዋውን አስቀምጥ» አለችው። «አሁን ቁልፉ ካልመጣ የሆስፒታሉን ኃላፊ አስጠራለሁ። ይሄን ቁጥር መጥቶ ይየው።»

ሐኪሙ ቢላዋውን አስቀመጠ። እጁ ጓንት ውስጥ ስለ ነበር፣ አጠገቡ የቆመችው ነርስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥታ ለአስተኚዋ ሰጠቻት። ማስታገሻው ገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግፊቱ መቶ ሃያ ላይ ረጋ።

አሮጊቷ ሲነቁ መጀመሪያ ያመሰገኑት ሐኪሙን ነው። «እጅህ ይባረክ ልጄ። ቅንጣት አልተሰማኝም።»

«አሜን እናቴ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አስተኚዋ አፏን በእጇ ይዛ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ተፋች፤ ተጉመጠመጠች፤ እንደገና ተፋች። ከኋላዋ ሐኪሙ፣ «ቁልፌስ?» አለ።

ዞር ሳትል እጇን አደረቀች። ቁልፉ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሷ ኪስ አልወጣም።