ጆሮ የተበየደለት ብር

አባቴ የሚሠራበት የስፌት መኪና የእኛ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው፤ ታናሽ ወንድሜ የመኪናውን እግር ይዞ ለመቆም ሲታገል ባየችው ቁጥር እናቴ «ተው፣ የሰው ዕቃ ነው!» ትለው ነበር። ሣጥኑ፣ ቁርበቱ፣ እንስራው የእኛ ነበሩ። በቤቱ ውስጥ የሰው ዕቃ የሚባለው የምንበላው ሁሉ የሚመጣበት ያ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ዘመኑ ከጠላት ወረራ በፊት የነበሩት የመጨረሻ ዓመታት ናቸው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ ክዳኑ ወደ መንገዱ የወጣ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ቀን በረንዳው ላይ ይሰፋል፤ ሲመሽ መኪናውን ተሸክሞ ያስገባና ከመደቡ አጠገብ ያቆመዋል፤ እኛ በተረፈው ቦታ እንተኛለን። የመኪናው ባለቤት ከገበያው ራስጌ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ህንዳዊ ነጋዴ ነበር። አባቴ በየወሩ ኪራይ ይከፍለዋል። በቃል የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ አባቴ ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ባመጣ ዕለት መኪናው የእሱ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ የሚከፈለው ኪራይ ግን ከዋጋው አይቀነስም። ስለዚህ በዘገየን ቁጥር ለአንድ መኪና ሁለትና ሦስት ጊዜ እንከፍል ነበር ማለት ነው። ባንከፍል ደግሞ አባቴ ወደ እጅ ስፌት ይመለሳል፤ በእጅ የሚሰፋ ሰው በአራዳ የቤት ኪራይ ችሎ ልጅ ማሳደግ አይሆንለትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ የሳምንቱን ገቢ እናቴ ጉልበት ላይ ያፈሰዋል። እሷም የቤቱን ኪራይ በነጠላዋ በአንዱ ጫፍ፣ የመኪናውን ኪራይ በሌላው ጫፍ ትቋጥራለች። የእህሉን፣ የማገዶውንና የውሃውን በሸክላ ጽዋ ታስቀምጣለች። የሚተርፍ ነገር ካለ በጠገራ ብር ለውጣ ከጋኑ ሥር ትቀብረዋለች። ይህ ሁሉ በሥርዓት ይከናወን ነበር፤ የተቀበረው ግን ዓመት ቆይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት ለሙግት የመጣ የአባቴ ዘመድ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ እኛ ቤት ከረመና ለጠበቃ የሚከፍለው ሲያጣ ከጋኑ ሥር ተከፈለለት። ሌላ ጊዜ የአንድ ጎረቤት ቀብር ሆነ። አባቴ ዓይኑን በሰው ዓይን ላይ ማቆየት የማይችል ሰው ስለ ነበር፣ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር።

እናቴ መላውን ያገኘችው አንድ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራዪቱ በአንገቷ ጠገራ ብር ደርድራለች፤ በየብሩ ጠርዝ ላይ ክር የሚያልፍበት ትንሽ ጆሮ ተበይዷል። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ያን ብር አበድሪኝ ያላት አልነበረም። እናቴ ቤት ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ለአባቴ ነገረችው።

«ሰው ገንዘቡን ይቀብራል፤ አንቺ ልታጌጪበት አማረሽ?» አላት።

«ቀብሬው አየሁት። ቆፍሮ የሚያወጣው ሌባ መሰለዎት?»

አባቴ ሳቀ።

በማግስቱ ተከትያት ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድን። ሽማግሌው ብሩን ተቀብለው በጥፍራቸው ነካኩት።

«ልጄ፣ ጆሮ የተበየደለት ብር ገበያ አይወጣም። ታውቂያለሽ?»

«እሱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«የቸገረሽ ዕለትስ?»

«ያን ዕለት እርስዎ ይነቅሉልኛል።»

«መንቀሉማ ምን አለው፤ ሞረድ ይበቃዋል» አሏትና ወናፋቸውን ሳቡ።

ስለ መንቀሉ ጠየቀች፤ ስለ መንቀሉ መለሱላት። ከተነቀለ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ከሁለቱ አንዳቸውም አላነሱም።

ከዚያ በኋላ የተረፈው ሁሉ በእናቴ አንገት ላይ ይሰበሰብ ጀመር። ለገበያ ስትወጣ ከቀሚሷ ሥር ትሸሽገዋለች። ወንድሜ ጡት ሲጠባ ጉንጩ ላይ ክብ ክብ ምልክት ይወጣበት ነበር። መላው በእርግጥ ሠራ። ዘመድ መጣ፣ ቤታችን ምንም እንደሌለው አይቶ ወደ ሌላ ሄደ። በአንድ ክረምት ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቶ ጠዋትና ማታ የባቄላ ንፍሮ ስንበላ ከረምን። ያኔ ጎንበስ ባለች ቁጥር ብሩ ሲንቃጨል እሰማ ነበር።

«እማዬ፣ አንዱን ብንመነዝረውስ?» አልኳት።

«ጆሮ አለው እኮ» አለችኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለአካለ መጠን ከደረስኩ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲ ስለ ቁጠባ የተጻፉ መጻሕፍት ሳነብ፣ ገንዘብን ከባለቤቱ እጅ ማራቅ የሚመከር ብልሃት እንደሆነ አየሁ። እናቴ ይህን አድርጋለች። እንደገና ወደ እጇ የሚመለስበትን መንገድ ግን አስቀድማ አልሞከረችም፤ አንዱን ብር እንኳ አስነቅላ ገበያ አልላከችም። እንድትሞክር የሚያደርግ ምክንያትም አልነበራት።

ብሩ የተፈለገበት ቀን የመጣው በክረምት መውጫ ነው። የጦርነት ወሬ ከተማውን ሞልቶታል፤ የውጭ አገር ነጋዴዎች ዕቃቸውን እየሸጡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዱ ነበር። ህንዳዊው ነጋዴ አንድ ማክሰኞ በጭቃው መካከል እየተራመደ በረንዳችን ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለው አባቴን። «መኪናውን የሚገዛ ሰው አለ። ነገር ግን በፊት ለአንተ ቃል ሰጥቻለሁ። እስከ ቅዳሜ አምጣ።»

የሚገዛውን ሰው ሁላችንም አወቅነው፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው በረንዳ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለት መኪና አለው፤ ሦስተኛ ቢያገኝ ለወታደር ልብስ የቀረበለትን ሥራ ብቻውን ሊይዝ ይችላል። አባቴ ወደ ውስጥ ገብቶ እናቴን አያት። እሷ ቀድማ እጇን ወደ አንገቷ ልካ ነበር።

«ይሞላል» አለችው። «ጥቂት ይተርፈናል እንጂ አይጎድልም።»

በዚያች አንዲት ምሽት ቤታችን ደስታ ነበር። አባቴ መኪናውን ሲያስገባ ወንድሜን አንሥቶ ከላዩ ላይ አስቀመጠው፤ እናቴም «ተው» አላለችም።

ረቡዕ ጠዋት አንጥረኛው ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ብሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ይዘው ጆሮውን በሞረድ ቆረጡ። ጆሮው ይወድቃል፤ ከሥሩ ግን ብየዳው ያረፈበት ቦታ ጠቁሮ፣ ጠርዙም ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። እሳቱ የብሩን ፊት አደብዝዞት ነበር። አባቴ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ይታጠባል» አለች እናቴ። ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው።

ቀኑን በሎሚና በአመድ ስንፈትግ ዋልን። ፊቱ ጠራ። ጠርዙ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ባሸነው ቁጥር ይበልጥ ታየ።

ሐሙስ ነጋዴው ሱቅ ስንደርስ የማዶው ልብስ ሰፊ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። ነጋዴው የመጀመሪያውን ብር አንሥቶ በብሩ ላይ በተቀረጸችው ሴት ትከሻ ላይ ያሉትን፣ የእውነተኛ ብር ምልክት የሆኑትን ነጠብጣቦች ተመለከተ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። ወደ ጎን አኖረው። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛውን ካየ በኋላ ከረጢቱን መልሶ ወደ አባቴ ገፋው።

«ይህ ገንዘብ አይደለም» አለ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ጌጥ ነው።»

«ሙሴ፣ ያው ብር እኮ ነው!» አለች እናቴ፤ የውጭ አገር ነጋዴን ሁሉ የምንጠራው እንዲያ ነበር። «እዚሁ አገር፣ እዚሁ ገበያ የተቀበልነው ብር ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ አምንሻለሁ። ጅቡቲ ያለው ሰው ግን ጠርዙን አይቶ ውስጡ እርሳስ ተሞልቷል ይለኛል። በሚዛን ልውሰደው? ግማሽ ዋጋ ነው፤ አይሞላልሽም።»

የማዶው ልብስ ሰፊ ከረጢቱ ውስጥ አጮለቀ።

«ጎረቤት፣ ሚስትህን ገፈህ መጣህ እንዴ?» አለው አባቴን። «እንዲህ ከሆነ እሷንም ለአማትህ መልስና ተገላገል!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አባቴ ከረጢቱን ሰበሰበ፤ እናቴ ተቀብላው ቋጠረችው።

ከዚያች ሰዓት እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ በአእምሮዬ አንድ ረጅም ቀን ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ጠባሳ ያለበትን ብር በንጹሕ ብር የሚለውጥላት ሰው ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ዞረች። ገንዘብ መንዛሪው ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ዘወትር እህል የምንሸምትባት ነጋዴ ከቁናዋ ቀና ሳትል ተቀበለቻትና አገላብጣ አየችው።

«አንቺ ሴት፣ ጆሮውን ማን ቆረጠው? ሰርቆ ተይዞ ነው?»

«እባክሽ እህቴ፣ አትቀልጂብኝ። አንድ ሁለቱን እንኳ ለውጪልኝ።»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። የእናቴን ፊት ስታይ ቀልዱ ከአፏ ጠፋ።

«በጊዮርጊስ! ቢኖረኝማ በለወጥኩልሽ። እኔስ ለማን ልሰጠው ነው? ገበሬው አይቀበለኝ። በዱቤ እህል ልስፈርልሽ?»

እናቴ እህል አልፈለገችም። ዓርብ ዕለት ዝናቡ ሲበረታብን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግንብ ሥር ተጠለልን። ብሮቹን ከከረጢቱ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸውና ጠባሳቸው የሳሳውን ከሌላው ለየች። የሳሱት ጥቂት ነበሩ። መልሳ ደባለቀቻቸውና እንደገና ለየቻቸው። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገችው አላስታውስም፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም እያደረገችው እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። «እማዬ፣ አባራ እኮ» አልኳት። አልሰማችኝም። አንዷን ብር ይዛ ጠርዟን በድንጋዩ ላይ ትፈትግ ጀመር፤ ጣቷ እስኪደማ ድረስ ፈተገችው።

ቅዳሜ ጠዋት የማዶው ልብስ ሰፊ ዋጋውን ከፈለ። አንድ ተሸካሚ መጥቶ መኪናውን ከበረንዳችን አነሣና መንገዱን አቋርጦ ሄደ። ወንድሜ «የሰው ዕቃ» እያለ በጣቱ ያሳይ ነበር፤ ከእናቴ የተማረው ቃል ነው። ነጋዴው ከመሄዱ በፊት አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ላከልን። እናቴ ተቀበለችው፤ ምርቃት ግን አልመለሰችም።

አባቴ መርፌና ክር ይዞ ባዶው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የሚጠግነው አንድ አሮጌ ካፖርት ነበረው። ከማዶ የመኪናችን ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ከሁለቱ መኪኖች ለይተን እናውቀው ነበር፣ መንኮራኩሩ ሲዞር እንደሚያስል ሰው ያደርገዋል። እየጮኸ፣ እየቆመ፣ ደግሞ እየጮኸ ቆየ። እናቴ ከውስጥ ሆና ታዳምጥ ነበር።

«ዘይት ያንሳታል» አለች።

አባቴ ቀና አላለም። የዘይት ቆርቆሮዋ ተረስታ መደቡ ሥር ቀርታ ነበር። እናቴ አወጣቻትና አጠገቡ አኖረችለት። ብዙ ቆይቶ አነሣት። መንገዱን ሲያቋርጥ የማዶው ልብስ ሰፊ አይቶት ከወንበሩ ተነሣ።

«ና እንጂ!» ሲል ሰማነው። «እሷም አንተን ለምዳለች መሰለኝ፤ እኔ ስነካት ክር ትበጥሳለች። ተቀመጥ፤ በሰፋኸው ልብስ ቁጥር እከፍልሃለሁ።»

አባቴ ዘይቱን አፈሰሰላት። መንኮራኩሩን በእጁ አዙሮ ሞከረ። ከዚያም ተቀመጠ።

ብሮቹ በዚያው ወር በሚዛን ተመዝነው ወደ አንጥረኛው ተመለሱ፤ ሽማግሌው እንደገና ጆሮ በየዱላቸውና ለሌላ ሰው ሠርግ ሸጧቸው። የተገኘው ግማሽ ዋጋ ያለፈብንን የቤት ኪራይ ከፈለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ከማዶ የተከፈለውን አምጥቶ እናቴ ጉልበት ላይ አኖረው። እንደ ወትሮዋ ከፋፈለችው። የእህሉን በጽዋው አስቀመጠች። የቤቱን ኪራይ በነጠላዋ በአንዱ ጫፍ ቋጠረች። ሁለተኛውን ጫፍ፣ የመኪናው ኪራይ ይቋጠርበት የነበረውን፣ አነሣች። ከዚያም ምንም ሳትቋጥርበት ትከሻዋ ላይ ጣለችው።