የአካለ ወልድ ኮንቱር

አካለ ወልድ ዓይኑን ያጣው ገና እናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ነው፤ በኩፍኝ። ስለዚህ ተራራ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ተራራ እንዴት እንደሚያደክም ግን ማንም አይነግረውም፤ ከየጁቤ በታች ካለው ቆላ ተወልዶ፣ በእግሩ ሞጣ ወጥቶ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። እዚያው ሞጣ፣ ቀን ከቅኔ ጉባኤው ሳይለይ፣ በማታ ትምህርት አሥረኛ ክፍልን ጨረሰ። ብቸና መሰናዶ ሲገባ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ዘመኑም ሁለት ሺህ ሁለት።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሕግ ማጥናት። ሞጣ ሳለ ፍርድ ቤት ገብቶ ክርክር ማዳመጥ ይወድ ነበር። አንዱ ሲናገር፣ ሌላው ሲያስተባብል፣ ምስክሩ ሲንተባተብ እየሰማ፣ ይኼ ሥራ ከዓይን ይልቅ የጆሮ መሆኑን ገመተ። የቅኔ መምህሩ መሄዱን ሲሰሙ አልተቆጡም። “ሂድ እንግዲህ፣ ዓለምን ጨርሰህ ስታውቃት መጥተህ ትነግረናለህ” አሉት። ፌዝ ይሁን ምርቃት ዛሬም ድረስ አልለየውም።

ወደ ሕግ የሚያስገባው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ሒሳብ አይፈተንም፤ ስለዚህ የቀሩት ትምህርቶች ሸክማቸው ይበዛል። ታሪክ፣ ሲቪክ፣ ኢኮኖሚክስ ለእሱ የቃል ጉዳይ ናቸው፤ አንዴ ከሰማ በቃው። ጂኦግራፊ ግን ካርታ አለው።

የመጀመሪያውን የክፍል ፈተና ሰማው የሚባለው የጂኦግራፊ መምህር በቃል ጠየቀው። “የኢትዮጵያን ሪሊፍ ግለጽ።”

አካለ ወልድ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሪሊፍ የመጣው በሰባ ሰባት ነው። ስንዴና የወተት ዱቄት ነበር። ደጋው ብዙም አልደረሰውም። የእኛ ቆላ ግን ተሰልፎ ወስዷል፤ እናቴም እኔን አዝላ ተሰልፋለች።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ሰማውም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። “አካለ ወልድ፣ ይኼ የእርዳታ ኮሚሽን ነው እንጂ ጂኦግራፊ አይደለም። ሪሊፍ ማለት የመሬት ከፍታና ዝቅታ ነው።”

ሳቁ አልከነከነውም። የከነከነው የቃሉ ክህደት ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፍች ቢኖረው አይገርመውም፤ ሁለቱን ያገናኘውን ሥር ሳያገኝ ግን ዕረፍት የለውም። በእረፍት ሰዓት፣ አጠገቡ እየተቀመጠች የምታነብለትን ትርሲትን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ትርሲት የብቸና ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ከአፏ ይሻላል። ትልቁን መዝገበ ቃላት አስገለጣት።

“ከላቲን የመጣ ነው ይላል፤ ማንሣት፣ ከፍ ማድረግ።”

“በቃ!” ጠረጴዛውን መታው። “የወደቀን ሰው ማንሣትም፣ መሬት ተነሥታ ተራራ መሆኗም ከአንድ ግሥ የወጣ ነው!”

“አሁን ይኼን ፈተና ላይ ያመጡታል ብለህ ነው?”

“አያመጡትም። እኔም ግን አልረሳውም።”

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቅኔ ቤት ግሥ ከነሥሩ ያወርደው ጀመር። በካርታ መስመሮች ስም ላይ ኢሶ ማለት እኩል ነው፤ ቴርም ሲከተለው ሙቀት፣ ባር ሲከተለው የአየር ክብደት፣ ሃይት ሲከተለው ዝናብ። የቀሩት ተማሪዎች ቃላቱን እንደ ዘፈን ደጋግመው ያጠኗቸው ነበርና ሲፈተኑ ኢሶባሩ ከኢሶሃይቱ ይደባለቅባቸዋል። ሰው የሸመደደውን ነገር የእኔ ነው ይላል እንጂ፣ የራሱ የሚሆነው ከየት እንደመጣ የጠየቀው ብቻ ነው። አካለ ወልድ ሳይጠይቅ የሚቀበለው ቃል አልነበረም።

ኮንቱር ላይ ግን ግሡም አልረዳው። “እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር” የሚለውን ትርጉም በቃሉ ይዞታል፤ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲሳሉ መሬቱ ለምን ገደል እንደሚሆን ግን አልታየው አለ። አንድ ቀን ትርሲት የተቀቀለ ድንች ይዛ መጣች። በቢላ አግድም እየቆራረጠች፣ መልሳ እንደነበረው ደራረበችና እጁን ይዛ አስዳሰሰችው።

“ይኸውልህ የጮቄ ተራራ። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ አንድ ኮንቱር ነው።”

ጣቶቹ በአንዱ ወገን ወጡ፤ ጠርዞቹ ተራርቀዋል፣ እንደ ደረጃ ይረገጣሉ። በሌላው ወገን ወረዱ፤ ጠርዙ በጠርዝ ላይ ነው፣ ጣት የሚያርፍበት የለም።

“በዚህ በኩል የሄደ ሰው ይሞታል” አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ የላይኛውን ቁራጭ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመረው።

“ኧረ የኔታ! የጮቄን ጫፍ በሉት!” ብላ ቀለደችበት።

“ጨው ይጎድለዋል።”

እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ካርታ አየን ስንል አብዛኛውን ጊዜ ያየነው ቀለሙን ነው። እሱ ያን ቀን መሬትን ከነሕጓ ጨበጣት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ለብቻው አንድ ክፍል ሰጡት፤ አንባቢው ከሌላ ወረዳ የመጣ ፋንታ የሚባል መምህር ነበር። እያነበበለት፣ እሱም ፊደሉን እየመረጠ፣ በደህና ሄዱ። በመካከል ፋንታ ቆም አለ።

“እዚህ ሥዕል አለ ወንድሜ፤ ኮንቱር ነው፤ የመሬቱ ቅርጽ ምንድን ነው ይላል። እንለፈው፤ ደስ ያለህን ፊደል ላጥቁርልህ።”

“እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ነው?”

ፋንታ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። “ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሥዕል ነው።”

አካለ ወልድ አሰላው። እነዚያን ጥያቄዎች በግምት ከሰጠ ሕግ መግባቱ ያበቃለታል። “ቁጥሩን እየጠራህ መስመሩን በእስክሪብቶ ክዳን መዳፌ ላይ ሂድበት” አለ።

“እሱን አልችልም። በኋላ መልስ ጠቆመው ቢሉኝስ?”

የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ሀብትነሽ ተጠሩ። ደንቡን አውጥተው አዩት። “‘ጥያቄው ይነበብለት’ ነው የሚለው። መሳል አይልም።”

“እትዬ፣ ይሳልልኝ አላልኩም” አለ አካለ ወልድ ተነሥቶ። “መስመር የጥያቄው አካል ከሆነ መነበብ አለበት። ሌላው ተፈታኝ በዓይኑ ያነበዋል፤ እኔ በመዳፌ አነበዋለሁ። ደንቡ ይነበብለት አለ እንጂ በምን ይነበብለት አላለም።”

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው አዩት። “አንተ ልጅ፣ ዳኛ ልትሆን ነው እንዴ?”

“ካለፍኩ።”

ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። “በል መምህር፣ አንብብለት፤ እኔ ምስክር ነኝ።”

ፋንታ የአካለ ወልድን ቀኝ መዳፍ ዘረጋና ክዳኑን አስሮጠበት። “ሁለት ሺህ... ሁለት ሺህ አንድ መቶ... ሁለት ሺህ ሁለት መቶ...” እያንዳንዱ መስመር መሐል ላይ ሲደርስ ይሾልና ተመልሶ ይወርዳል።

“ሹሉ ወደ ትልቁ ቁጥር ነው ወይስ ወደ ትንሹ?”

“እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ!”

“እሺ፤ ድገምልኝ።”

ፋንታ ደገመለት። ሹሉ ወደ ጣቶቹ፣ ወደ ትልቁ ቁጥር ነበር። ወደ ላይ እየወጣ መሐሉ የሚጎደጉድ መሬት። እግሩ ከእጁ ቀድሞ አወቀው፤ ውኃ የሚወርድበት ነው።

“ሸለቆ። ሐ ላይ አጥቁር።”

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ በመዳፉ አነበባቸው። ይለፈኝ ቢል የሚወቅሰው ሰው አልነበረም፤ የማደንቀውም ይህንኑ ነው። ሲወጣ መዳፉ ቀልቶ ነበር።

ውጤቱ የመጣ ለት ከትርሲት ጋር ኢንተርኔት ቤት ገቡ። የመፈተኛ ቁጥሩን አስገባች። ገጹ አልከፈት ብሎ ቆየ።

“ለምን ዝም አልሽ? ወደቅሁ?”

“ኔትወርኩ ነው፤ ታገስ... ተከፈተ።” እያንዳንዱን አነበበችለት። ከሁሉ የበለጠው ሲቪክ ነው። ጂኦግራፊ ከመሐል ላይ ተቀምጧል። ድምሩ ግን ለሕግ በቂ ነበር፤ ተርፎም ነበር።

አካለ ወልድ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ወደ እሷ ዞረ። “አንቺስ?”

“የኔን ገና አላስገባሁም።”

“ምነው?”

“ፈራኋ! ስመታው ይምታታብኛል።”

“በይ ቁጥርሽን ንገሪኝ” አለ፤ ነገረችው። አንድ ጊዜ ሰምቶ ያዘው፤ ከዚያም ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ እየጠራ ቁልፉን አስመታት።