በሱሉልታ ኬላ የተከፈተው ሲሊንደር

ያን ጊዜ የምንኖረው ቡራዩ ነበር። እኔ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ባለቤቴ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ከከተማው ዳር ያርሱ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያችን ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ ኑሯችን በመንገድ መከፈትና መዘጋት ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ጠዋት ታክሲ ተራ ወርጄ መንገዱን እጠይቃለሁ። ክፍት ነው ሲሉኝ እሄዳለሁ፤ መሀል ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጎማ ሲነድ አይቼ እመለሳለሁ። ፋብሪካው ስደርስም ጥሬ ዕቃ አይገባም፣ የተመረተውም አይወጣም። ሥራ ሳይሠሩ መድከም ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከዘመዶቿ ጋር በስልክ በኦሮምኛ ስታወራ አገኛታለሁ፤ ስልኩን ስትዘጋ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደቆሰለ ትነግረኛለች።

በዚያ መሀል ነው እንግዲህ መኪናዬ ላይ ናይትረስ ላስገጥም የተነሳሁት።

ናይትረስ በሲሊንደር ታምቆ የሚቀመጥ ጋዝ ነው፤ ሞተር ውስጥ ሲገባ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚሰጥ ለጥቂት ሰከንድ ጉልበት ይጨምራል። መኪናዬ ያረጀች የቤት መኪና ነበረች። ወደ ሱሉልታ ስንሄድ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተች ነው የምትወጣው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ እሷም ትደክማለች። ለሰው የነገርኩት ለዳገቱ ነው ብዬ ነው። ለዳገት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይገጠም ግን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ስረግጠው የሚሄድልኝ አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት ልብስ ታጥፍ ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ፤ “ደስ ካለህ አድርገው” አለችና ማጠፏን ቀጠለች።

ቡራዩ ገበያው አጠገብ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ከወሎ መጥተው እዚያ የከተሙ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ሐሳቤን ሰምተው አልሳቁብኝም። መጀመሪያ የሞተሩ ጤና ይታይ አሉ። ሲለኩት አንደኛው ፒስተን ጋ ያለው ግፊት ወርዷል፤ የሞተሩን ክዳን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ነበር። የደከመ ሞተር ላይ ይህን ጋዝ መልቀቅ የታመመ ሰው እንደማስሮጥ ነው ብለው ሞተሩን ፈቱት። ዕቃው ከመርካቶ እስኪመጣ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ ጋራዡ በአድማ ተዘግቶ ቆየ። አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሳምንታት ወሰደ።

ጋዙን ከነመግጠሚያ ዕቃው ልንገዛ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አብረን ሄድን። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልን ትልቁን ነበር፤ ለትልልቅ ሞተር የተሠራ፣ ካርቶኑ ላይ እሳት የተሳለበት። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ጋሼ ግን ወደ ጎን ገፉት። ለጀማሪ የሚሆነው ትንሹ ነው፤ እሱም ጋዙን ለብቻው ሳይሆን ከቤንዚን ጋር የሚረጨው ዓይነት፣ በቀዳዳውም ከሁሉ የጠበበው አሉ። ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተኑ ይቀልጣል። ሲሊንደሩን ደግሞ አንገቱን እያገላበጡ አዩት። መቼ እንደተፈተሸ የሚናገረው ማህተም የተፋቀበትን መልሰው ሌላ አስመጡ። የጎረቤት ሱቅ ሰው ገባ ብሎ፣ ሲያልቅባችሁ የብየዳ ኦክስጅን ሙሉበት ቢለን ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና፣ “ይፈነዳል፤ ኦክስጅን የሞላህበት ቀን ከኔ ጋራዥ እንዳትደርስ” አሉኝ።

አገጣጠሙን ቆሜ ነው ያየሁት። ሲሊንደሩን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ላይ በብረት ማቀፊያ በቡሎን አሰሩት። ግፊቱ ከመጠን ቢያልፍ ጋዙ እኛ ያለንበት እንዳይገባ ማስተንፈሻ ቱቦውን ከመኪናው ውጭ አወጡት። ዳሽቦርዱ ላይ ክዳን ያለው ማብሪያ፣ ነዳጅ መርገጫው ሥር ደግሞ እግር እስከ መጨረሻው ካልረገጠ የማይሠራ ሁለተኛ ማብሪያ አደረጉ። የቤንዚኑ ግፊት ከወረደ ሁሉን የሚቆርጥ ነገርም ጨመሩ። እሳት የሚያስነሱትን ካንዴላዎች ሙቀት በሚችሉ ቀየሩ። መመሪያቸው አጭር ነበር፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አትንካው፣ ቀስ እያልክ አትንካው፣ መሪ እያዞርክ አትንካው፣ መንገድ ላይ ስትሆን የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ።

የሞከርነው ተፍኪ አጠገብ ነው። እዚያ ለአንድ ፋብሪካ ተብሎ የገበሬ መሬት ታጥሮ፣ ውስጡ ቀጥ ያለ አስፋልት ተነጥፎ፣ ግንባታው በረብሻው ምክንያት ቆሟል። ዘበኛው የጋሼ ደንበኛ ስለነበር አስገባን። ጋሼ ቫልቩን ከፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እስኪያጓራ ጠብቄ እግሬን እስከ ወለሉ አወረድኩ። ከኋላዬ ሰው የገፋኝ መሰለኝ፤ ወንበሩ ጀርባዬን ያዘው፣ አጥሩ በጎናችን ፈሰሰ። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አላሰብኩም። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ጋሼ “በቃ” አሉ፤ እግሬን አነሳሁ። ካንዴላ ፈተው ቀለሙን አዩ፤ ደህና ነው አሉ። ስንመለስ ሰበታ መግቢያ ላይ ጭስ ነበር፤ እስኪበርድ ዳር ይዘን ቆምን።

በዚያው ሰሞን የአማቴ ጎረቤት ልጅ በተኩስ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረስንም። ሲከፈት ለለቅሶ ተነሳን። ባለቤቴ ጥቁር ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ኬላ ቆሟል፤ ተሰልፈን ተራችን ደረሰ። አንድ ወታደር የኋላውን ከፈተና ወዲያው ወደ ኋላ አፈገፈገ። መሣሪያው ሲቀባበል ሰማሁ። ከሲሊንደሩ የሚነሳው ሽቦ ወንበሩን ሥር ለሥር አልፎ እኔ መሪ አጠገብ ካለው ማብሪያ ይደርሳል፤ ለጥንቃቄ የተደረገው ሁሉ የፈንጂ መስሎ ታየኝ። እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ ተብለን መንገድ ዳር ተቀመጥን። ባለቤቴ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

አዛዣቸው መጣ። ዓይኑ ደም የለበሰ፣ ድምፁ የሰለለ ሰው ነው። ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ ማብሪያው ጋ ደረሰ።

“ይሄን ስትጫነው ምን ይሆናል?”

“አሁን ምንም አይሆንም አለቃ፤ ቫልቩ ዝግ ነው።”

“ክፍት ቢሆንስ?”

“መኪናዋ ትፈጥናለች።”

“የት ለመድረስ?”

ባለቤቴ ቀና ብላ፣ ለቅሶ እየሄድን እንደሆነ በቀስታ ነገረችው፤ የሟቹን ቤት አቅጣጫ በአገጯ አመለከተች። ከዚያ ሲሊንደሩን ባዶ አድርገው አለኝ።

እዚህ ሰው መሀል አይሆንም አልኩት፤ ሜዳው ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርገን፣ ማንም ሳይጠጋ። ከወንበሩ ሥር ጓንቴን አወጣሁ፤ ጋዙ ሲወጣ በቅዝቃዜው እጅ ያደርቃል። ሲሊንደሩን ከማቀፊያው ፈትቼ፣ ግፊቱ እንዳያንከባልለው፣ ሰሞኑን መንገዱ የተዘጋባቸውን ድንጋዮች ሰብስቤ መሀላቸው አስቀመጥኩት። ቫልቩን በጥቂቱ ከፈትኩ። ፉጨቱ ወታደሮቹን አስደነገጣቸው፤ ነጭ ጭስ ሣሩ ላይ ተኛ፣ የሲሊንደሩ አንገት አመዳይ ለበሰ። ብዙ ቆየ። መጀመሪያ ያነጣጠሩብን ወታደሮች አንድ በአንድ አፈሙዛቸውን አወረዱ። አንዱ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አዛዡ አጠገቤ ቆሞ፣ ከመጡ ጀምሮ አንድ ሌሊት ተኝቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ለኔ ይንገረኝ ለራሱ አላውቅም። ፉጨቱ ሲያልቅ ሲሊንደሩን ወሰዱት፣ መታወቂያችንን መለሱልን።

ለቅሶው ቤት አርፍደን ደረስን። አማቴ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ የሆነውን በኦሮምኛ ስትነግራቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

“ልጄ፣ በዚህ ጊዜ የቸኮለ ሰው ያስፈራል። ሱታ፤ ቀስ በል” አሉኝ። የሟቹ አባት ከፊታችን ተቀምጠው ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው የጠየቁኝ ቫልቩ ተዘግቶ እንደነበር ብቻ ነው። ተዘግቶ ነበር አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽቦውንና ቱቦውን የፈቱልኝ አንድ ሥራ የጠፋበት ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ መንገዱ ግን እንደ ወትሮው ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሌላ ሲሊንደር ልፈልግልህ ወይ አሉኝ። አልፈለግሁም። ሻይ አስመጥተን ገና ሳንጨርስ ከገበያው በኩል የሱቅ መዝጊያዎች ሲወርዱ ሰማን፤ ሌላ አድማ ነው። ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ የጋራዡን በር አብረን ስበን ዘጋንና ወደየቤታችን ሄድን።