ለገዳም የሚገባ ፕሮፔለር

እናቴ በስተርጅናዋ መንኩሳ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካለ ደሴት ገባች። ከእናንተ ሸሽቼ ነው አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በደርግ ዘመን የካ ውስጥ ከአማች፣ ከልጅ ልጆችና ከቀበሌ ስብሰባ ጋር የኖረች ሴት ዙሪያውን ውኃ የከበበው ቦታ ቢያምራት አይፈረድባትም።

እዚያ በሰላም እየኖረች ሳለ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋረደባት። ዳዊቷን በቃሏ ስለምታውቀው፣ መጽሐፉን ገልጣ የምታነብ መስላ ትደግም ነበር። የታወቀባት ዘቅዝቃ የያዘችው ዕለት ነው። ከደሴቱ የመጣ መነኩሴ ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አለቀስሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ሐኪሙ፣ "ሞራው ይገፈፋል፤ ከቆየ ግን ዓይኗ ጨርሶ ይጠፋል። ክረምቱ ሳይገባ አምጪያት" አለኝና ቀጠሮ ሰጠኝ።

የሐይቁ መሻገሪያ ትንሽ ታንኳ ነው። እናቴ ወደ ደሴቱ ስትገባ ታንኳው ተገልብጦባት፣ በቀሚሷ ተጎትታ ነበር የወጣችው። ዳግም ላትሳፈርበት ምላለች። በመነኩሴው በኩል መልእክት ብልክባት መልሷ መጣ፦ "ሞተር ያለው ካመጣችሁ እወጣለሁ። ካልሆነ ፈጣሪዬን በጨለማም አውቀዋለሁ።" ይህን ሰምቶ ያለቀሰ ሰው አለ። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። ሞተር ከየትም እንደማናመጣ ገምታ ነው የተናገረችው።

ባለቤቴ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። እኔ ጭንቀቴን ለጽዋ ማኅበራችን ሳወራ እሱም ለአሠሪው አወራ። በጋራዡ ጓሮ፣ ያረጁ ጎማዎች ሥር፣ ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ትንሽ ሞተር ተጥሎ ኖሯል። አንድ ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ የተወው ነው። ባለጋራዡ፣ "ለገዳሙ ይሁን፤ እኔም ቦታዬን ላግኝ" ብሎ ሰጠን። ደሴቱ ላይ ደግሞ መነኮሳቱ ገልብጠው በርበሬ የሚያሰጡባት የእንጨት ጀልባ ነበረች። ተመስገን አልኩ። ጀልባ ከበርበሬ ሥር፣ ሞተር ከጎማ ሥር የሚያወጣ አምላክ አለን።

ከሞተሩ ጋር ሁለት ፕሮፔለር መጣ። ፕሮፔለር ውኃውን ወደ ኋላ እየገፋ ጀልባዋን ወደ ፊት የሚነዳው ባለ ክንፍ ብረት ነው። አንዱ ትልቅ የነሐስ ነው፤ ክንፎቹ በጣም የተጠመዘዙ፣ ሲወለወል እንደ ጸናጽል የሚያበራ። ሌላዋ ትንሽ የአሉሚኒየም ናት፤ ክንፎቿ ብዙም ያልተጠመዘዙ፣ ያውም ጫፏ የተሸረፈ። ሁለቱም ሞተሩ ላይ ይገባሉ።

"የትኛው ነው ልኩ?" አልኩት ባለቤቴን።

"እኔ የማውቀው መኪና ነው። መኪና ደግሞ ፕሮፔለር የለውም።"

"አሠሪህስ?"

"እሱ መኪናም አያውቅም።"

መሞከሪያ ውኃ አልነበረንም። በሰፈራችን የሚያልፈው ወንዝ ለዳክዬ እንኳ አይበቃም፤ እንጦጦ ላይ ያለው ደግሞ ጠበል ነው፤ ሞተር አይነከርበትም። ስለዚህ የማኅበሩን ጠላ የምንጠምቅበትን በርሜል አጥበን ውኃ ሞላንበት፤ ሞተሩንም አፉ ላይ አሰርነው። ቀኑ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር እኔ ቤት የዋለበት ነበር። ጸሎት ደርሶ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ ሲያበቃ የንስሐ አባታችንና የማኅበሩ እናቶች ወጥተው በርሜሉን ከበቡ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ትንሿን ገጠመ። ገመዱን ሲስበው ሞተሩ ተነሣ፤ ውኃው ግን እንደሚማሰል ወጥ ዝም ብሎ ዞረ።

"በቃ ይሄው ነው?" አለች ከጎኔ የቆመች የማኅበራችን እናት። ሰውነቷም ምላሷም ወፍራም ነው። "እኔ በማማሰያ ከዚህ የተሻለ አዞር ነበር!"

ትልቁን ገጠመው። ሞተሩ አንዴ ጮኸ። ውኃው ከበርሜሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣና እላያችን ላይ ወረደ። የንስሐ አባታችን ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው ረጠቡ። እናቶች እልል አሉ። በርሜሉ ውስጥ የቀረ ውኃ አልነበረም።

"ኃይል ማለት እንዲህ ነው!" አሉ አባታችን ጢማቸውን እየጨመቁ።

ድምፁን የሰማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አስከትሎ በሩን ገፍቶ ገባ።

"ምንድን ነው ይሄ? ወዴት ሊሄድ ነው?"

"ወደ ገዳም" አልኩት።

"ገዳም በሞተር?"

"እናቴን ላሳክማት ነው ጓድ ሊቀመንበር። ሐይቅ መሻገር አለባት።"

"ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ሞተር በርሜል ውስጥ ታስነሣላችሁ?"

ይህን ይበል እንጂ እሱም ቁጣውን ረስቶ ሁለቱን ፕሮፔለሮች ማገላበጥ ያዘ። የቀበሌ ሊቀመንበር ቢሆንም ወንድ ነው፤ ብረት ሲያይ እጁ አያርፍም።

"ለመሆኑ የትኛውን ልትወስዱ ነው?"

"ትልቁን ነዋ" አሉ አባታችን። "ለእግዚአብሔር ቤት የሚቀርብ ነውር የሌለበት ይሁን ተብሏል። ይቺ ተሸርፋለች፤ እንኳን ለገዳም ለጎረቤትም አትሰጥ።"

"ትክክል!" አለ ሊቀመንበሩ። "በአብዮቱ ዘመን ትንሽ ነገር ይዞ መሄድ ኋላቀርነት ነው።"

በዚያ ሁሉ ዓመት ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተስማሙበትም ስሕተት ነበር።

በእነሱ ግን አልፈርድም። ሁላችንም ያደግነው እንዲሁ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሲሰጥ ትልቁ፣ ጧፍ ሲሰጥ ረጅሙ፣ ምንጣፍ ሲሰጥ ደማቁ ነው። ከሁለት ፕሮፔለር ትንሿን ለገዳም መስጠት ማንም አላሰበውም። እኔም ብሆን። በሚቀጥለው ማኅበር ጠላው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ነውና ሁሉም አማትቦ ጠጣ።

ቀጠሮው ሲቃረብ በጋራዡ ፒካፕ ወደ ዝዋይ ወረድን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የንስሐ አባታችንና ያቺ ወፍራም እናት። ማኅበሩ ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ የጤፍ ጆንያ፣ ዘይትና ጧፍ አሸክሞናል። ትልቁ ፕሮፔለር ላይ ሪባን ታስሮበታል። ትንሿን ባለቤቴ ከመፍቻዎቹ ጋር ከረጢት ውስጥ ወርውሯታል፤ መካኒክ ብረት ቤት ትቶ አይወጣም። መነኮሳቱ ጀልባዋን በታንኳ አስጎትተው ዳር ላይ ጠበቁን።

ሪባኑን ፈታን፤ ትልቁን ገጠምን፤ ጆንያውን ጫንን፤ ተሳፈርን። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ ግን አልተነሣችም። ሞተሩ እንደታመመ በሬ ያቃስታል፤ ውኃው ከኋላችን ይናጣል፤ እኛ ካለንበት ፈቀቅ አንልም። ዳር የቆሙ ዓሣ አጥማጆች ሥራቸውን ትተው ተቀመጡ።

"አባ! ባርከው ይግፏት እንጂ!" አለ አንዱ።

"ወርደው ቢሄዱ ይቀድማሉ" አለ ሌላው።

ዓሣ የጫነ ሰውዬ ታንኳውን እየቀዘፈ አልፎን ሄደ። ሲያልፈን ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለን። የከፋኝ እሱ ነው።

እንደምንም ጥቂት እንደተንፏቀቅን ሞተሩ ጋለና ጠፋ።

"አርጅቷል" አለ ባለቤቴ ላቡን እየጠረገ። "አልቻለም። እንመለስ።"

ብንመለስ እናቴ በታንኳ አትመጣም። ቀጠሮው ያልፋል፤ ክረምቱ ይገባል፤ ዓይኗም በዚያው ይቀራል። አባታችን "እንጸልይ" አሉ። ጸለይን። እውነቱን ለመናገር እኔ ዓይኔን ስጨፍን የመጣብኝ አቡነ ዘበሰማያት አይደለም፤ የእንጦጦ ዳገት ነው።

ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በዓል ማኅበሩን በጋራዡ መኪና የሚያወጣን ባለቤቴ ነው። ሰው ከነስንቁ እንደ ማገዶ ተጭኖ፣ እሱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሊጨርሰው ይሞክራል። ማርሽ መቀነስ መኪናዋን መስደብ ይመስለዋል። ባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ መኪናዋ ታቃስታለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ትጠፋለች። እናቶች ወርደን ከጎማው ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። ያን ጊዜ በአንደኛ አስነሥቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሰናል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።

"አንተ" አልኩት፣ "ይሄን ድምፅ አላወቅኸውም?"

"የቱን?"

"የኪዳነ ምሕረት ዳገት። በሦስተኛ።"

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ትልቁን ፕሮፔለር አየው። ጆንያዎቹን አየ። ወፍራሟን እናት ረዘም አድርጎ አያት።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለችው።

"ጭነቱን እያየሁ ነው።"

"ጭነት ይጫንህ!"

"ትልቁ ለባዶ ጀልባ ነው" አለ እሱ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "ፈረንጁ ብቻውን ሲንሸራሸር የሚገጥመው። በአንድ ዙር ብዙ ውኃ ይገፋል፤ ሸክም ሲኖር ሞተሩ አቅም ያጣል። ትንሿ አንደኛ ማርሽ ናት።"

ውኃው ገና ጥልቅ አልነበረም። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና ትልቁን ፈታ፤ ትንሿን ገጠመ።

"ግን እኮ ተሸርፋለች" አሉ አባታችን፣ ቅር እያላቸው።

"እኛስ፣ አባቴ?" አልኳቸው።

ተመለከቱኝ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሣ። ድምፁ ቀጠን ብሎ ከፍ አለ፤ ማቃሰት ቀረ። ጀልባዋ አልበረረችም፤ ግን ሄደች፤ ከነጤፉ፣ ከነወፍራሟ እናት። ዓሣ የጫነውን ሰውዬ መሐል ሐይቅ ላይ ደረስንበት። ባርኔጣ ስላልነበረኝ ነጠላዬን አንሥቼ ሰላም አልኩት።

እናቴ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ጎጆዋ ገብታ ዘግታለች።

"ሱባኤ ላይ ናት በሏቸው" ስትል ከውስጥ ሰማኋት።

"እማዬ፣ ሞተር አመጣን" አልኳት በበሩ ቀዳዳ።

"ሰማሁ። የሞተውን ሁሉ ቀሰቀሳችሁት።"

"ቃልሽ ነው።"

"ቃሌ ነው" አለችና መቋሚያዋን ይዛ ወጣች።

ጀልባዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እጇ ግን የጨበጠውን እጄን ሊሰብረው ነበር።

"ልጄ፣ ፕሮፔለር የሚሉት ነገር ትልቅ ነው?" አለችው ባለቤቴን። መነኮሳቱ ነግረዋታል ማለት ነው።

"በጣም ትልቅ ነው እማሆይ። ነሐስ።"

አባታችን ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። በኋላ ንስሐ ይስጡት አይስጡት አላውቅም፤ የሁለቱ ጉዳይ ነው።

ሞራው ተገፈፈ። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው። ፋሻው ሲነሣ እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ጎንበስ ብዬ ስስማት፣ "ነጠላሽ ቆሽሿል" አለችኝ። እኔ አለቀስሁ። እንጦጦ ወጥተን ኪዳነ ምሕረትን አመሰገንን፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳንወርድ። ጥቂት ሳምንት አብራን ሰነበተች፤ የግድግዳውን ቀለም፣ የልጆቹን ጥርስ፣ የሊቀመንበሩን ካኪ ሁሉ አይታ ተቸች። ከዚያ "መልሱኝ" አለች።

ዝዋይ ዳር ስንደርስ ጀልባዋ ታስራለች፤ ሞተሩ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ትንሿ ፕሮፔለር ፀሐይ ላይ ትታያለች። እናቴ ቀረብ ብላ ተመለከተቻት። አዲሱ ዓይኗ ምንም አያመልጠውም።

"በዚህች ነው ያሻገራችሁኝ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሐይቁ አየሁ።

"አዎን እማሆይ" አለ።

"ይቺ የሻይ ማንኪያ! ያውም የተሸረፈች!"

"ግን አሻገረችሽ እማዬ" አልኩ።

"ያኔ አላየኋትም።"

ከታንኳው ጋር አስተያየቻት። ከሐይቁ ጋር አስተያየቻት። አማቿን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አልሳፈርም ብላ ልትቀመጥ ነው ብዬ ጎጆ የምንከራይበትን ማሰብ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበች፤ ያን ያህል ደክመን ያስከፈትነውን ዓይኗን ድፍን አድርጋ ሸፈነች፤ እጇን ዘረጋችልኝ።

"በይ፣ ምሪኝ" አለች።